ውኃ የሚያስገባ የመሠረት ግድግዳና የልስን ጥገና
(ሂስ)

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ በአዲስ አበባ ተዳፋት ሰፈሮች በየዓመቱ የሚታይ አንድ የታወቀ ሥራ አለ። ክረምቱን ሲያለቅስ የከረመው የምድር ቤት ግድግዳ ልስኑ ይፈቀፈቃል፤ አዲስ የሲሚንቶ ልስን ይለበጥበታል፤ ልስኑም በሚገባ ሳይደርቅ ቀለም ይቀባል። ባለቤቱ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሠራተኛው መሣሪያውን ሰብስቦ፣ ሁለቱም ደስ ብሎአቸው ይለያያሉ። ሐምሌ ሲመጣ ግን ግድግዳው በዚያው በቀድሞው መሥመር ማልቀሱን ይቀጥላል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረውና ልንነቅፈው የተነሣነው ይህን ከዓመት ዓመት የሚደጋገም ሥራ ነው።

ነቀፌታችን በልስን ሠራተኛው ላይ የተነጣጠረ እንዳይመስል አስቀድመን እንናገራለን። እርሱ የታዘዘውን ይሠራል። የምንነቅፈው፣ አዛዡም ሆነ ታዛዡ፣ መሐንዲሱም ሆነ ግንበኛው፣ «ግድግዳው ለምን ተሰነጠቀ? ውኃውስ ከወዴት መጣ?» ብሎ ሳይጠይቅ ወደ ሥራ የሚገባበትን ልማድ ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በውስጥ በኩል የሚለበጥ ልስን ከሁሉ በፊት የሚያደርገው በሽታውን መደበቅ ስለ ሆነ፣ ተረቱ ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ከመካከላችን አንዱ የሚያውቃቸው ወይዘሮ ቤታቸውን እንድናይላቸው ጠየቁን። ቤቱ የተሠራው በተዳፋት ላይ ስለ ሆነ፣ የታችኛው ክፍል የፊት በሩ ወደ መንገድ ሲከፈት የኋላ ግድግዳው ግን 2 ሜትር ተኩል ያህል በአፈር ተቀብሮአል። ወይዘሮዋ ይህን ክፍል ለአንድ ልብስ ሰፊ አከራይተው በኪራዩ ይተዳደራሉ። ግድግዳው በሦስት ተከታታይ ክረምት ውኃ ስላስገባ ሦስት ጊዜ አስለስነውታል፤ ለሦስተኛው የከፈሉት የዕቁባቸውን ገንዘብ ነበር። ልብስ ሰፊው ጨርቁ እየሻገተበት ስለ ተቸገረ፣ ሌላ ክረምት እንዲህ ሆኖ እንደማይቀመጥ ነግሮአቸዋል። «ልጆቼ፣ ሲሚንቶው መጥፎ ሆኖብኝ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁን። ሦስት ጊዜ ገንዘብ ሲከፍሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጣቸው ሰው አልነበረም።

ለመልሱ በመጀመሪያ አርማታ ለምን እንደሚሰነጠቅ ማወቅ ያስፈልጋል። አርማታ ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲስቡት ግን ደካማ ነው፤ የመሳብን ኃይል የሚችለው መጫንን ከሚችልበት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። በሚደርቅበት ጊዜ ደግሞ ይኰማተራል። የግድግዳው እግር አስቀድሞ በጠነከረው መሠረት ተይዞ ሳለ የላይኛው ክፍል ለመኰማተር ሲፈልግ፣ ግድግዳው ይሳሳብና ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ቀጭን ስንጥቅ ይወጣበታል። አርማታው በፈሰሰ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃ በሚገባ ሳይጠጣ ከቀረ፣ ወይም ለአሠራር እንዲመች ተብሎ ሲቦካ ውኃ ከበዛበት፣ ይኸው ስንጥቅ ይብሳል።

ሁለተኛው ምክንያት መሬቱ ነው። በከተማችን በቦሌና በአቃቂ በኩል እንደሚገኘው ያለ ጥቁር የዋልካ አፈር ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይኰማተራል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የቆመ ግድግዳ ከዓመት ዓመት ሲነሣና ሲወርድ ይኖራል። እንዲህ ሲሆን ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ይሄዳል፤ አንደኛው ጫፉም ከሌላው ይሰፋል። ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የከፋ ነው። ከግድግዳው በስተኋላ ያለው አፈርና ውኃ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ሲያጐብጠው፣ በወገቡ ላይ በአግድም የሚሄድ ስንጥቅ ይታያል። ይህን ያየ ሰው ልስን ሠራተኛ ሳይሆን መሐንዲስ መጥራት አለበት።

ከነዚህም ሌላ፣ ስንጥቅ እየተባለ የሚጠራ ነገር ግን ስንጥቅ ያልሆነ አለ። ትናንት የፈሰሰው አርማታ ከዛሬው ጋር ሳይዋሐድ የቀረበት መገናኛ፣ ግድግዳውና ወለሉ የሚገጥሙበት ማዕዘን፣ የካሳፎርማው ማሰሪያ የወጣበት ቀዳዳ፣ በሚገባ ሳይጠቀጠቅ ቀርቶ ጠጠሩ ብቻ የቀረበት ቦታ፣ ሁሉም ውኃ ያስገባሉ። መልካቸው የተለያየ፣ ምክንያታቸውም የተለያየ ሆኖ ሳለ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ልስን ማዘዝ፣ ራሱን ላመመውም እግሩን ለተሰበረውም አንድ ኪኒን እንደ መስጠት ይቈጠራል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነቀፌታችን እንግባ። ውኃ በ1 ሜትር ጥልቀት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በ1,000 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ይገፋል። የወይዘሮዋ ግድግዳ 2 ሜትር ተኩል የተቀበረ በመሆኑ፣ ከኋላው ያለው አፈር እስከ ላይ ድረስ ውኃ ከሞላ፣ በእግሩ ላይ የሚያርፈው ግፊት በካሬ ሜትር 2,500 ኪሎ ግራም ይደርሳል። የግድግዳውን አንድ ሜትር ወርድ ከላይ እስከ ታች ብንወስድ፣ የአፈሩን ግፊት ሳንጨምር፣ ውኃው ብቻውን ከ3,000 ኪሎ ግራም በላይ ይገፋዋል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ልስን ይህን የሚቋቋመው በምን ኃይል ነው? በውጭ በኩል የተደረገ መከላከያ ቢሆን ኖሮ ውኃው ራሱ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀው ነበር። በውስጥ በኩል የተለበጠው ግን ከበስተኋላው ተገፍቶ ይለቃል። ነፋስ የሚዘጋው በርና ነፋስ የሚከፍተው በር አንድ እንዳይደሉ ሁሉ፣ እነዚህም አንድ አይደሉም።

እርግጥ ነው፣ በውስጥ በኩል ተቀብተው የተወሰነ ግፊት እንዲችሉ ሆነው የተሠሩ የሲሚንቶ ቅቦች አሉ፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን እነርሱም የሚይዙት አሮጌው ቀለምና ልስን ፈጽሞ ተነሥቶ በጸዳ አርማታ ላይ ነው፤ በሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ላይ ደግሞ አብረው ይሰነጠቃሉ። በአሮጌ ቀለም ላይ የተለጠፈው ተራ ልስን ከእነርሱ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከመፍሰሱ ይልቅ የሚያስፈራው መደበቁ ነው። በአርማታ ውስጥ ያለው ፌሮ ከዝገት የሚጠበቀው በሲሚንቶው የአልካሊነት ጠባይ ነው። ስንጥቅ ውኃና አየር ሲያስገባ ይህ ጥበቃ ይላላል፤ ፌሮውም መዛግ ይጀምራል። ዝገት ከብረቱ ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ፣ አርማታውን ከውስጥ እየገፋ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ስንጥቁ መስፋቱ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በስንጥቅ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ ከስፋቱ ኩብ ጋር ስለሚያድግ፣ ስፋቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ውኃው ስምንት እጥፍ ይሆናል። ባለቤቱ ይህን ለውጥ በዓይኑ ቢያይ ኖሮ በጊዜው ይነቃ ነበር። ነገር ግን በየዓመቱ አዲስ ልስን ስለሚሸፍነው፣ የግድግዳውን ታሪክ የሚያነብበት ገጽ አይገኝም። ግድግዳው በነጭ ቀለም አምሮ ሲታይ ከበስተኋላው ፌሮው ይበላል።

ሸፍኖ ማዳን የሚለው አሳብ በመኖሪያ ቤት ብቻ የታየ ስሕተት አይደለም። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውኃ እንዳያስገቡ ተብሎ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሬንጅ ተቀብተው በላዩ ላይ ቀይ ቀለም ተደርጎባቸው ነበር። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት በተደረገው ጥገና ያን ሽፋን ማንሣት ከሥራዎቹ አንዱ ሆነ። የላሊበላ አለትና የእኛ አርማታ አንድ አለመሆናቸው ግልጽ ነው። ቢሆንም ከዚያ የምንማረው አለ። ያለ ምርመራ የተደረገ ሽፋን አንድ ቀን መነሣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሚከፈለው ዋጋ የሽፋኑ ብቻ ሳይሆን የማንሣቱም ጭምር ነው።

ሁለተኛው ነቀፌታችን በተቃራኒው ወገን ላይ ነው። በአሁኑ ጊዜ «ዘመናዊ ጥገና» በሚል ስም ከውጭ የመጣ ኬሚካል በመርፌ ወደ ስንጥቁ የሚሰጥበት ዘዴ አለ። ዘዴው እውነተኛ ነው፤ በአግባቡ ከተሠራበትም የሚያስመሰግን ነው። ኤፖክሲ እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ቀጭን ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የተለያየውን አርማታ መልሶ ያጣብቃል። ፖሊዩሬቴን ደግሞ ከውኃ ጋር ሲገናኝ አረፋ ሆኖ ያብጥና መንገዱን ይዘጋል፤ እንደ ጐማ መለጠጥ የሚችል ዓይነትም አለው። ችግሩ የሁለቱን ጠባይ ሳይለዩ «መርፌ ይሰጠው» ማለት ነው። ተራው ኤፖክሲ እርጥብና ጭቃ በያዘ ስንጥቅ ውስጥ በደንብ አይያዝም። በሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ውስጥ ከገባም፣ እርሱ ከአርማታው ይልቅ ጠንካራ ስለ ሆነ፣ ግድግዳው በአጠገቡ ሌላ ስንጥቅ ይከፍታል። ፖሊዩሬቴን በበኩሉ ውኃውን ያቆማል እንጂ ለግድግዳው ጉልበት አይመልስለትም። ወገቡ በአግድም ለተሰነጠቀ ግድግዳ የአረፋ መርፌ መስጠት፣ ባለቤቱን በደረቅ ወለል ላይ አረጋግቶ ከሚወድቅ ግድግዳ ሥር ማስቀመጥ ይሆናል። ስለዚህ ምርመራ የሌለው መርፌ፣ ዋጋው የተወደደ ልስን ነው እንላለን።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በበኩላችን ማንኛውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው እንላለን።

አንደኛ፦ ስንጥቁ ይንቀሳቀሳል ወይስ ቆሞአል? ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ግድግዳው በደረቀበት ቦታ ትንሽ ጄሶ በስንጥቁ ላይ አሻግሮ ለጥፎ ቀኑን መጻፍ ይበቃል፤ ስንጥቁ ከተንቀሳቀሰ ጄሶው ተሰንጥቆ ይመሰክራል። እርጥበት ባለበት ቦታ ደግሞ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ሚስማር ተክሎ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በየወሩ መለካት ነው። ቢቻል አንድ በጋና አንድ ክረምት መጠበቅ ይገባል፤ ዋልካ ጠባዩን የሚያሳየው በሁለቱ ወራት ነውና።

ሁለተኛ፦ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆሞአል? ቱንቢ አውርዶ ማየት ነው። ግድግዳው ወደ ውስጥ ከጐበጠ ጥያቄው የውኃ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ይሆናል።

ሦስተኛ፦ ውኃው ከወዴት ይመጣል? ዝናብ በጣለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚገባ ከሆነ የጣራውንና የግቢውን ውኃ መጠርጠር ነው። በጋውንም ክረምቱንም ሳያቋርጥ የሚያርስ ከሆነ የተሰበረ ቧንቧ ወይም የከርሰ ምድር ውኃ ሊሆን ይችላል፤ የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግቶ ቈጣሪው መዞሩን ማየት ለመጀመሪያው ጥርጣሬ መልስ ይሰጣል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ከውጭ ይጀመራል። አሸንዳው ይጠገን፤ የሚወርደው ውኃ ከግድግዳው ይራቅ፤ በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በ3 ሜትር ውስጥ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ ይደረግ፤ ከተዳፋቱ የሚወርደውን ጐርፍ የሚቀበል ቦይ ይቆፈር። በዋልካ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ ከግድግዳ አጠገብ መትከልም ደግ አይደለም፤ የአፈሩን እርጥበት መጥጦ መኰማተሩን ያብሳልና። አቅም የሚፈቅድ ከሆነ ግድግዳው በውጭ በኩል እስከ እግሩ ተቆፍሮ፣ መከላከያ ተለብጦበት፣ ከሥሩ ጠጠርና ቀዳዳ ያለው ቱቦ ቢደረግለት ከሁሉ የተሻለ ነው።

የጎረቤት ቤት ተጠግቶ መቆፈር በማይቻልበት ቦታ ብቻ ወደ ውስጥ እንመለሳለን። ያን ጊዜም ስንጥቁ ቆሞ የደረቀ እንደ ሆነና ግድግዳው ጉልበቱ እንዲመለስ ከተፈለገ ኤፖክሲ፣ እርጥብ እንደ ሆነና ውኃ ማቆም ብቻ ከተፈለገ ፖሊዩሬቴን ይመረጣል። ለፖሊዩሬቴኑ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ በሰያፍ ይበሳል፤ ቀዳዳው ስንጥቁን በግድግዳው ውፍረት መካከል እንዲያገኘው ይደረጋል፤ በውኃ ከታጠበ በኋላ መርፌው ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይሰጣል። ውኃው እየገነፈለ ሥራ የሚከለክል ከሆነ፣ አፉ ጠበብ ውስጡ ሰፋ ያለ ጐድጓዳ መሥመር ተፈልፍሎ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚጠነክረውን ፈጣን ሲሚንቶ መወተፍ ይቻላል፤ ይህ ግን ጊዜ መግዣ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ስፋቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥና የማይንቀሳቀስ ስንጥቅ ደግሞ፣ ውኃው በዝግታ የሚያልፍ ከሆነ፣ ከሲሚንቶው በሚወጣው ኖራ ራሱን በራሱ ሊደፍን ስለሚችል፣ አንዳንድ ጊዜ መታገሥም ጥገና ነው።

አንባቢ «ይህ ሁሉ ለባለሀብት ነው፤ ድሀ የሚችለው ልስን ብቻ ነው» ይለን ይሆናል። ክርክሩ ከባድ ስለ ሆነ ልናልፈው አንወድም። ነገር ግን ከዘረዘርነው ውስጥ ጄሶው፣ ሚስማሩ፣ ቱንቢው፣ አሸንዳውና ቦዩ ከአንድ ጊዜ ልስን አይወደዱም። ድሀን የሚጐዳው በየዓመቱ የሚከፈለው ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ተደምሮ ትልቅ ይሆናልና።

በልማዳችን ውስጥ ሊታረሙ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች እንዳሉም ይታየናል። ልስን ሠራተኛ የሚከፈለው በካሬ ሜትር ነው፤ እንግዲያስ ብዙ ቢሸፍን እንጂ ውኃውን ቢያቆም የሚያገኘው ጥቅም የለም። ደግሞም ሥራው የሚሠራው በጥቅምትና በኅዳር፣ ርክክቡም የሚደረገው በዚያው በደረቅ ወራት ነው። በኅዳር ውኃ የማያስገባ ግድግዳ ምንም አልመሰከረም፤ የጥገና ምስክር ነሐሴ ነው። ስለዚህ ከክፍያው ጥቂቱ እስከሚቀጥለው መስከረም ድረስ እንዲቈይ ሁለቱ ወገኖች ቢስማሙ፣ «ውኃው ከወዴት መጣ?» የሚለውን ጥያቄ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሠራተኛው ራሱ ይሆናል ብለን እናምናለን።

ወደ ወይዘሮዋ ቤት እንመለስ። ስንጥቁ ከላይ ወደ ታች የወረደ፣ ስፋቱም 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ቱንቢ ስናወርድ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ተገኘ። በጥቅምት የለጠፍነው ጄሶም እስከ ነሐሴ ድረስ አልተሰነጠቀም። ከቤቱ በስተኋላ ብንዞር ግን የጣራው ውኃ በሙሉ በአንድ ቱቦ ወርዶ፣ ጫፉ በተሰበረው ቱቦ በኩል ልክ ከግድግዳው ሥር ሲፈስ እንደ ኖረ አየን። ጣራው 80 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለ ቁጥር 1,600 ሊትር ውኃ በዚያች ማዕዘን ይፈስ ነበር ማለት ነው። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሲሚንቶው መጥፎ አልነበረም።

ቱቦው ተቀጥሎ ውኃው ወደ መንገዱ ቦይ እንዲሄድ ሆነ፤ የግቢውም መሬት ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ተደረገ። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ለመጨረሻው ልስን ከተከፈለው ያንሳል። ቀደም ሲል በነሐሴ በወለሉ ላይ ይተኛ የነበረው ውኃ በዚህ ክረምት ቀርቶ፣ በስንጥቁ መሥመር ቀጭን እርጥበት ብቻ ታየ። በወሩ መጨረሻ ለእርሱ ፖሊዩሬቴን ተሰጠው። አዲስ ልስን ግን እንዳይለበጥ ለመንን፤ ወይዘሮዋም «ሲያዩት ደስ አይልም» እያሉም ቢሆን ፈቀዱልን። ልብስ ሰፊው ለጊዜው አልለቀቀም።

ይህ የአንድ ቤትና የአንድ ክረምት ታሪክ ነው፤ ከዚህ በላይ አድርገን ልናቀርበው አንደፍርም። እኛ ተማሪዎች ራሳችንም ከነቀፌታው ነጻ አይደለንም። አዲስ ግድግዳ ለማቆም ስሌት እናውቃለን፤ የቆመው ግድግዳ ሲታመም ግን ከፊቱ ቆመን የማዳመጥ ልማድ ገና አልያዝንም። ያልተለሰነው ስንጥቅ በወይዘሮዋ ክፍል ውስጥ ለሁሉ በሚታይበት ቦታ ቀርቶአል። የሚመጣው ነሐሴ ይፈርድብናል።